ማስታወቂያው ከአብሲቱ ይቅደም፦ በዋግ ኽምራ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ አጠቃቀምን ስለ ማሸጋሸግ

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በኢትዮጵያ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ግድብ ነው። የጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት፣ የተከዜ 300 ሜጋ ዋት፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት በመገናኛ ብዙኃንም በሕዝብ አንደበትም የሚዘወተሩ ቁጥሮች ናቸው። በዚሁ ሰንሰለት ሌላኛው ጫፍ ላይ የተቀመጠው መሣሪያ ግን በጥናትም በፖሊሲም እምብዛም አይነሣም፤ እርሱም የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ባለ 3.5 ኪሎ ዋቱ ምጣድ የሚወስደው ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖሎችን 350 ያህል በአንድ ጊዜ ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው መቼ ነው ብሎ መጠየቅ፣ በአመዛኙ፣ የሚጋግረው መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

የቤት ውስጥ ፍጆታን ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላው በማሸጋሸግ የኃይል መረቡን መደገፍ በሌላው ዓለም ሰፊ የምርምር ዘርፍ ሆኗል። በአውሮፓና በአሜሪካ ዋናው ምክንያት የፀሐይና የነፋስ ኃይል እንደ ሰዓቱና እንደ አየሩ መለዋወጥ ነው። የኢትዮጵያ ሁኔታ የተለየ ነው። ከሚመነጨው ኃይል እጅግ የሚበዛው ከውኃ የሚገኝ ሲሆን ውኃ ደግሞ በግድብ ውስጥ ተጠራቅሞ ፍላጎት እስኪመጣ ይጠብቃል። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ወገኖች፣ በተለይም ከሕዳሴ ግድብ ምርቃት በኋላ፣ ቤተሰብን ሰዓት ቀይር ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም ይላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህን ድምዳሜ ነው። በሰቆጣ፣ በፃግብጂና በአጠቃላይ በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ያለው ማነቆ የጄኔሬተር ሳይሆን የሽቦና የትራንስፎርመር ነውና። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሚደግፈው ማሸጋሸግ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቅድመ ሁኔታው የሚመለከተውም ተጠቃሚውን ሳይሆን አቅራቢውን ነው።

የተከዜን ነገር ማንሣት ጉዳዩን ያፍታታዋል። ኅዳር 2002 ዓ.ም የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን የያዘው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የዋግ ኽምራን ቆላማ ወረዳዎች ይነካል። የአካባቢው ወጣቶች ዓሣ የሚያሰግሩት በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ግን በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ መቀሌ ያመራና በዚያ በኩል ከብሔራዊው ቋት ጋር ይቀላቀላል። እንዲህ ካለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ለአንድ መንደር ቀንጭቦ መስጠት አይቻልም፤ በመካከሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከጣቢያውም ወዲያ መካከለኛ ቮልቴጅ ያለው ረጅም መስመር፣ በመጨረሻም በእንጨት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በመሆኑም ግድብን በቅርብ መመልከት ኤሌክትሪክን በቅርብ ማግኘት አይደለም። ፃግብጂን የመሰለ ገደላማና ሰው ተራርቆ የሰፈረበት ወረዳ መስመር ሲደርሰው የሚደርሰው የመስመሩ ጅራት ነው፤ በጅራቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የመስመሩን ሁሉ ድካም ይወርሳል።

ድካሙ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ለምሳሌ ያህል 60 ቤተሰቦች ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ይጋራሉ እንበል። ይህ ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ከ14 ምጣድ አይበልጥም። በበዓል ዋዜማ ስድሳውም ቢጋግሩ ፍላጎቱ 210 ኪሎ ዋት ይደርሳል፤ ይህም ከአቅሙ አራት እጥፍ በላይ ነው። ከስድሳው ሃያው ብቻ እንኳ ምሽት ላይ ቢጋግሩ 70 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሲከፋም ትራንስፎርመሩ ራሱ። አሁን ደግሞ ያንኑ ሥራ በሌላ መንገድ እናስላው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር፣ ስድሳው ቤተሰብ በሳምንት የሚያስፈልገው 180 የምጣድ ሰዓት ነው። ይህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በእኩል ቢከፋፈል በማናቸውም ቅጽበት የሚሠሩት ምጣዶች በአማካይ ከአምስት አይበልጡም። ጭነቱም ወደ 15 ኪሎ ዋት ይወርዳል። የተጋገረው እንጀራ አንድ ነው፤ የተበላውም ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ሲሆን ውጤቱ ግን በተቃጠለና በሚሠራ ትራንስፎርመር መካከል ያለውን ያህል ይራራቃል። በእርግጥ ፍጹም እኩል የሆነ ክፍፍል በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ነገር ግን በአምስትና በሃያ መካከል ብዙ ቦታ አለ።

የቮልቴጅ መውረድ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ሳይታይ የሚጎዳ ስለሆነ። የምጣድ ሙቀት የሚወሰነው በቮልቴጁ ካሬ ነው። በ220 ቮልት እንዲሠራ የተዘጋጀ ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ 180 ቮልት ብቻ ሲደርሰው የሚሰጠው ሙቀት ወደ 2.3 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱም ይጣበቃል። በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቅ የነበረው ሥራ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የምሽቱ ከፍተኛ ጭነት ራሱን እያራዘመ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚጋግር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ስለወረደ ሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ይጋግራል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይልም በፍሰቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ረጅምና ቀጭን መስመር ባለበት አገር ይህ ብክነት በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የሚቀር ነገር አይደለም።

የኢትዮጵያ የኃይል ተቋማት ይህን አያውቁትም ማለት ስህተት ይሆናል። ቀድሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በነበረበት ዘመን ለኢንዱስትሪ ደንበኞች የወጣው ታሪፍ ከፍተኛ ጭነት ያለበትን ሰዓትና ከዚያ ውጪ ያለውን ሰዓት በተለያየ ዋጋ የሚያሰላ ክፍል ነበረው። ለቤተሰብ ግን እንዲህ ያለ አማራጭ አልቀረበለትም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከ5 ሚሊዮን በላይ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ለደንበኞች ተሠራጭተዋል፤ በነፃ የታደሉትን የመጀመሪያዎቹን 350,000 አምፖሎች የተከታተለ የዓለም ባንክ ጥናት ቁጠባውን ወደ 13.3 ሜጋ ዋት ገምቶታል፣ ከተጠቃሚዎቹ የሚበዙትም አነስተኛ ፍጆታ ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ግኝት ሊረሳ አይገባውም። በትንንሽ ቤቶች ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ተደምሮ ጣቢያ ያክላል ማለት ነውና። በዓላት ሲቃረቡም ትላልቅ ኢንዱስትሪዎች በዋዜማውና በበዓሉ ዕለት ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ፣ ቤተሰቦችም ከፍተኛ ኃይል የሚፈልጉ ሥራዎቻቸውን ከጫና ሰዓት ውጪ እንዲያከናውኑ ማሳሰቢያ መስጠት የተለመደ ሆኗል። በሌላው ዓለም በረቀቀ ስም የሚጠራው አሠራር በኢትዮጵያ በዚህ መልኩ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ሲሠራበት ቆይቷል።

ማሳሰቢያው ግን ብዙ ጊዜ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀረው ስለ ምን ነው? ለዚህ የሚቀርበው የተለመደ መልስ ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል የሚል ነው። መልሱ ለሰጪው ምቹ ከመሆኑ በቀር ብዙ አያስረዳም። ትክክለኛው ምክንያት በሊጡ ዕቃ ውስጥ ይገኛል። ሊጥ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በመጋገሪያው ዕለት አብሲት ይጣልበታል፤ ከሊጡ ተቀንሶ በውኃ የበሰለው አብሲት ተመልሶ ሲቀላቀል ሊጡ ኩፍ ይላል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ አይቻልም፤ ኩፍ ያለ ሊጥ ወይ ይጋገራል ወይ ይበላሻል። ከአብሲት በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሊጡ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ቢዘገይ ትንሽ ይኮመጥጥ እንደሆነ ነው እንጂ አይጠፋም። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ ምጣድ የሚሸጋሸግበት ጊዜ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ከአብሲት በፊት። ጠዋት አብሲት የጣለች ሴት ቀን 8 ሰዓት ላይ በሬዲዮ «ዛሬ ምሽት አትጋግሩ» ብትባል ምክሩ ለእርሷ ምክር አይደለም፤ ኪሳራ ነው።

ከሌላው ዓለም የሚመጡ ተሞክሮዎች ሳይመረመሩ ሊገለበጡ የማይገባቸውም ስለዚህ ነው። በጳጉሜ 2014 ዓ.ም የካሊፎርኒያ መስተዳድር በከባድ ሙቀት ወቅት ለነዋሪዎች ስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ1,000 ሜጋ ዋት በላይ የፍጆታ ቅናሽ አግኝቷል። እዚያ የተጠየቀው የቤት ማቀዝቀዣን ለጥቂት ሰዓት ዝቅ ማድረግ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ አብሲት የለውም። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ኤስኮም ልማድ ነው። ኤስኮም በምሽት የቴሌቪዥን ሥርጭት መካከል የመረቡን ሁኔታ በቀለማት እያሳየ ተመልካቹ የውኃ ማሞቂያውንና ሌሎች ከባድ መሣሪያዎችን እንዲያጠፋ ይጠይቅ ነበር። ረቂቅ ቆጣሪ አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው ተመልካቹ የሚያምነው መረጃ ነው። ዋግ ላይ መረጃው ከአንድ ቀን በፊት፣ በሚታወቅ ሰዓት፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጠኛም መነገር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የማን ጊዜ እንደሚሸጋሸግ በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመሐንዲስ ስሌት «ቤተሰብ» ሲል በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እኩል የሚሳተፍ ያስመስላል። መጋገር ግን የሴቶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ ውኃ መቅዳቱም፣ ወፍጮ ቤት ተራ መጠበቁም እንዲሁ። ጭነት ከሚበዛበት ምሽት ለመሸሽ ሲባል «ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተሽ ጋግሪ» የሚል ዕቅድ በቴክኒክ ረገድ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሊታሰብ የማይገባው ነው። የመረቡን ድካም ከትራንስፎርመር አንሥቶ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ መጫን ይሆናልና። የረፋዱና የቀትር በኋላው ሰዓት ግን ለብዙዎች የሚመች ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ለሆነች ሴት ካልሆነ በቀር። ለእነዚህ ሴቶች የሚሻለው ጎረቤታሞች ተጠራርተው በአንድ ምጣድ ተራ በተራ የሚጋግሩበትን የኖረ ልማድ ማጠናከር ነው። የሸክላው ምጣድ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል፤ ሁለተኛዋ ጋጋሪ በጋለው ምጣድ ስትቀጥል ያ ሩብ ሰዓት ይተርፋል።

ዋጋን በተመለከተ የቀን ታሪፍን ከምሽት አርክሶ ቤተሰብን ማግባባት የመማሪያ መጻሕፍት ቀዳሚ ምክር ነው። በዋግ ኽምራ ግን ጥቅሙ ውስን ይመስላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ መጋገር በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ዝቅተኛ ዋጋ የተተመነለትን የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በ2011 ዓ.ም የተሻሻለው ታሪፍ የዚህን እርከን ዋጋ ሳይነካ ያለፈው አቅም የሌለውን ለመጠበቅ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። በዚህ መካከል በምሽት ሰዓት ላይ ተጨማሪ ዋጋ መጣል አምፖል ብቻ የሚያበራውን ድሃ ሊቀጣ ይችላል፤ የቀን ቅናሹም ከጥቂት ብር አያልፍም። ሰዓቱንና ዋጋውን የሚለይ ቆጣሪ መግዛቱ ራሱ ከሚያተርፈው በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ቤተሰቡ በምላሹ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ በተነገረው ሰዓት የሚመጣ፣ መጥቶም የማይወርድ ቮልቴጅ። ከረፋዱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መስመሩ እንደማይቋረጥ፣ ከተቋረጠም ከአንድ ቀን በፊት እንደሚነገር አገልግሎት ሰጪው ቃል ቢገባና ቃሉን ለሁለት ወር ቢጠብቅ፣ ምጣዶቹ ያለ ብዙ ቅስቀሳ ወደዚያ ሰዓት ይሄዳሉ። ምሽት ላይ የሚጋገረው ሰዎች ምሽትን ስለሚወዱ ብቻ አይደለም፤ መብራት በመጣ ጊዜ መጋገር የሚባል፣ ከመቆራረጥ የተወለደ ብልኃት ስላለ ጭምር ነው። መብራት ከቆየበት ሲመለስ ሁሉም ምጣዱን በአንድ ቅጽበት ይሰካል፤ መስመሩም በተመለሰ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይወድቃል። ለተጠቃሚው ግትርነት መነሻው፣ እንግዲህ፣ የአቅርቦቱ አለመታመን ነው።

ከዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ ማሸጋሸግ ፈረቃን በሌላ ስም መጥራት ነው የሚለው ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው። በግንቦት 2011 ዓ.ም የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩን በወቅቱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ስለሺ በቀለ (ዶ/ር) ሲያስታውቁ መላው አገሪቱ በፈረቃ ገብታ ነበር። ፈረቃ ከላይ ተወስኖ የሚወርድ፣ አምፖሉንም ምጣዱንም የጤና ጣቢያውን ማቀዝቀዣም በአንድነት የሚያጠፋ ነው። ማሸጋሸግ ግን አምፖሉን ሳይነካ ምጣዱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሲሆን የሚያንቀሳቅሰውም ባለቤቱ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ቢሆንም በሕዝቡ ዘንድ በቀላሉ ይታመናል ማለት አይደለም። ዋግ ኽምራ በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ለረጅም ጊዜ ከኤሌክትሪክ ውጪ ሆኖ የቆየ፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ተፈናቅለው በሰቆጣ ዙሪያ የተጠለሉ ወገኖችን ያስተናገደ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ድርቅ የጎዳው አካባቢ ነው። እንዲህ ላለ ሕዝብ «ጥቂት ታገሥ» የሚል ቃል አዲስ አይደለም። በዚያ ላይ በፃግብጂ የገጠር ቀበሌዎች የሚበዛው ቤተሰብ ዛሬም የሚጋግረው በማገዶ ነው፤ ለእርሱ የሰዓት ጉዳይ ገና አልደረሰም። መጋቢት 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ኤሌክትሪክ ለማድረስ፣ 65 በመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶውን ከመረቡ ውጪ ባሉ አማራጮች ለመሸፈን ያለመ ነበር። በመሆኑም ማሸጋሸግ የማስፋፊያ ሥራን የሚያዘገይ ሰበብ ከሆነ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን አዲስ ትራንስፎርመር በሚተከልበት ዕለት የመጋገሪያ ሰዓት ስምምነት አብሮ ቢተከል፣ ያው ትራንስፎርመር ብዙ ቤቶችን ሊያቅፍ ይችላል። ለፃግብጂ ትርጉም ያለው ይኸኛው ነው፤ አምስት ምጣድ በቀን የሚያስተናግድ መስመር ላይ በወረፋ የቆየ ጎረቤት ሊጨመር ይችላልና።

ስምምነቱን ማን ይመራዋል? የአገልግሎት ሰጪው ጽሕፈት ቤት ብቻውን አይችለውም፤ በየትራንስፎርመሩ ሥር የሚኖረውን ሰው አያውቅም። በአማራ ገጠር የመስኖ ውኃን በተራ የሚያደላድል የውኃ አባት የሚባል ኃላፊነት አለ። ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ፣ ተራውን ያለፈውን የሚገሥጽ፣ የታመመበትን የሚያስቀድም ሰው ነው። ኤሌክትሪክም በአንድ ትራንስፎርመር ሥር እንደ አንድ ቦይ ውኃ የጋራ ነው፤ ላይኛው ሲያበዛ ታችኛው ያንሰዋል። እድርና የሴቶች ማኅበር ባለበት መንደር የማክሰኞ ጋጋሪዎችንና የሐሙስ ጋጋሪዎችን መለየት ከባድ ሥራ አይደለም። ወፍጮ ቤቱም በዚሁ ስምምነት ውስጥ መግባት አለበት፤ የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ፍሰት ስለሚስብ በአቅራቢያው የሚጋገረውን እንጀራ ያበላሻል። ሠርግና ተዝካር ያለበት ቤት ቀድሞ ካሳወቀ ሌላው ቦታ ይለቅለታል፤ ይህ ለአገሬው አስተማሪ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

በሐሳብ ደረጃ የቀረበው ይህ ሁሉ በአነስተኛ ወጪ ሊፈተን ይችላል። በሰቆጣ ከተማ ሁለት ተመሳሳይ ትራንስፎርመሮች ይመረጡ። በሁለቱም ላይ ቮልቴጅንና ፍሰትን በየአሥር ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ይገጠም፤ ለአንድ ወርም ሳይነኩ ይመዝገቡ። ከዚያ በአንደኛው ሥር ካሉ ቤተሰቦች ጋር የመጋገሪያ ቀን ይደልደል፤ አገልግሎት ሰጪውም በእነዚያ ሰዓታት መስመሩን ላለማቋረጥ፣ የግድ ሲሆንም ከዋዜማው ምሽት በፊት በኽምጠኛና በአማርኛ ለማሳወቅ በጽሑፍ ይስማማ። ምዝገባው ቢያንስ አንድ ትልቅ በዓልን እንዲያካትት ከጥር በፊት ተጀምሮ ከፋሲካ በኋላ ቢያበቃ ይመረጣል፤ የሁዳዴ ጾም ሳምንታትም የመጋገሪያውን ልማድ ምን ያህል እንደሚለውጡት በዚያው ይታያል። የሚለካው የምሽቱ ጭነት መውረድ ብቻ መሆን የለበትም። አገልግሎት ሰጪው ከገባው ቃል ስንቱን ቀን እንደጠበቀ፣ ስንት ጊዜስ ማስታወቂያው አብሲት ከተጣለ በኋላ እንደደረሰ በሁለተኛ ዓምድ ይመዝገብ።